ያልሞቀው መግፈፊያ

ብሎን ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር ጓሮው ውስጥ ብረት ማቅለጫ ሊሠራ ነው ሲባል ሰፈሩ ሳቀበት። ብሎን ያሉት ኪሱ ከብሎን ተለይቶ ስለማያውቅ ነው፤ ሚስቱ ሱሪውን ልታጥብ ስታነሳ መጀመሪያ ገልብጣ ታራግፈዋለች። «የሰው ባል ጡረታ ሲወጣ ዶሮ ያረባል፣ የኔው ቤቴን ሊያቃጥል ተነሳ» ትላለች፣ ለጠየቃትም ላልጠየቃትም። ትቀልድ እንጂ አልከለከለችውም። ባሏ ስምንት ዓመት ሙሉ እሳት አጠገብ ቆሞ እንደማያውቅ፣ ክብሪት ሲጫር እንኳ ፊቱን እንደሚያዞር ከእሷ በቀር ልብ ያለው የለም። አሁን በገዛ እጁ ምድጃ ሊሠራ መነሳቱ ደስም አሰኛት፣ አስፈራትም።

ሰበቡ የዋርሳው የስፌት መኪና ነው። ዋርሳው፣ የሟች ታላቅ ወንድሙ ሚስት፣ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን የምታሳድር ሴት ናት። የመኪናዋ መዘውር፣ ያ በቀኝ በኩል በእጅ የሚሽከረከረው፣ ለሁለት ተሰነጠቀባት። መለዋወጫ ፍለጋ ያልረገጠችው ሱቅ የለም፤ መኪናው ከማርጀቱ የተነሳ ሠሪዎቹም ሳይረሱት አልቀሩም። አንድ ቀን ሁለቱን ስባሪ በጨርቅ ጠቅልላ መጣችና ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችለት።

«አንተና ወንድምህ ስንቱን ብረት ስታፈሱ አልኖራችሁም? ይህቺ አቅታህ ነው?» አለችው።

«እሠራልሻለሁ፣ እትዬ» አለ። አፉ ቀደመው እንጂ ልቡ አልተከተለውም።

ከስምንት ዓመት በፊት ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ ፋብሪካ የማቅለጫ ክፍል ይሠሩ ነበር። ታላቅየው አፍሳሽ፣ ታናሽየው ረዳቱ። በማቅለጫ ቤት አንድ የማይታለፍ ሕግ አለ፤ የቀለጠ ብረት ውስጥ የሚገባ መሣሪያ ሁሉ አስቀድሞ እሳት ዳር መሞቅ አለበት። ቀዝቃዛ መሣሪያ ላይ የተሸሸገች አንዲት የውሃ ጠብታ ከቀለጠው ጋር ስትገናኝ በቅጽበት እንፋሎት ሆና ትፈነዳለች፣ ቀልጦ የሚፈላውንም ሰው ፊት ላይ ትረጨዋለች። ታላቅየው በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከሁሉ ቀድሞ ይገባና የሠራተኛውን ሁሉ መሣሪያ ምድጃው ዙሪያ ይደረድራል፤ ጫፉ ወደ እሳቱ፣ እጀታው ወደ ውጭ።

ያን ቀን መግፈፊያው በቦታው አልነበረም። መግፈፊያ ማለት ከቀለጠው ብረት ላይ አረፋና ቆሻሻ የሚነሳበት ባለ ቀዳዳ ሰፊ ማንኪያ ነው፤ እጀታው ተሰብሮ ብየዳ ቤት ሄዷል። ዝናብ ይዘንባል። ብሎን ከብየዳ ቤት ተቀብሎት ግቢውን በሩጫ አቋርጦ ሲደርስ ብረቱ ለመፍሰስ ደርሷል። ወንድሙ ዓይኑን ከማቅለጫው ድስት ሳያነሳ እጁን ወደኋላ ዘርግቶ ይጠብቃል።

«ሞቋል?» አለው።

«ሞቋል» አለ ብሎን።

ዘገየህ እንዳይባል ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበረውም። መግፈፊያው ድስቱን ሲነካ ፈነዳ፤ ወንድሙ ፊቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሦስት ቀን ቆይቶ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ። የፋብሪካው ወረቀት «በሟቹ በራሱ ቸልተኝነት» ይላል፤ ከሥሩ ምስክር ሆኖ የፈረመው ብሎን ነው፤ ራሱም ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታው ወደ ሌላ ክፍል ተዛውሮ ሠራ። ዋርሳው ያን ወረቀት ካነበበች ወዲህ የባሏን ስም በበጎ አንስታ አታውቅም። «ለራሱ ያላሰበ ሰው ለኛ ሊያስብ ኖሯል?» ትላለች። ልጆቿም አባታቸውን ቸልተኛ እያሉ ነው ያደጉት። ብሎን እውነቱን ሊነግራት ስንቴ በሯ ድረስ ሄዶ፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ ተመልሷል። አሁን ግን ለራሱ ቃል ገባ፤ መዘውሩን ሠርቶ ሲሰጣት ይነግራታል።

መሣሪያውን ሁሉ በገዛ እጁ ሊሠራ ወሰነ። የማቅለጫ መሣሪያ እንደ መዶሻ ከሱቅ የሚነሳ አይደለም፤ እያንዳንዱ በሚይዘው እጅና በሚገባበት ድስት ልክ ነው የሚሠራው። ከአሮጌ የጋዝ ሲሊንደር ጀመረ። ውሃ ሞልቶ ጋዙን ካስወጣ በኋላ አናቱን በሴጌቶ ቆረጠው፣ ውስጡን በሸክላ አፈርና በአሸዋ አራት ጣት ያህል ለሰነው፣ ከሥሩ የአየር ቱቦ ከተተለት። ለመንፊያው የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ ወሰደ። ሴትዮዋ ሦስት ቀን ቤቱን ስታተራምስ ከርማ ጓሮ ብቅ ስትል ዕቃዋ ቱቦው ጫፍ ላይ በሽቦ ታስሮ አገኘችው። «እኔ እርጥብ ፀጉሬን ይዤ ልዙር፣ ያንተ ከሰል ይሙቀው!» ብላ ልትቆጣ ነበር፤ ሳቅ ቀደማት።

ከወፍራም የብረት ቱቦ ቆርጦ፣ ሥሩን በይዶ ድስት አበጀ። ከሁለት ፌሮ ደግሞ ድስቱን ከወገቡ አቅፎ የሚያነሳ ጉጠት ቀጠቀጠ። ሦስቴ አበላሽቶ በአራተኛው ቀናው። ግድግዳው ላይ ምስማር መትቶ ሰቀለውና በሩን ቆልፎ ገባ።

በማግስቱ ጠዋት ሰማዩ ደመና ነበር። ብሎን ጉጠቱን ሊያወርድ ጫፉን ያዘና እጁን መልሶ ሰበሰበ። ሞቋል። የሚያቃጥል አይደለም፤ ሰው አሁን ከእሳት ዳር ያነሳው ዓይነት ሙቀት ነው። ምድጃው ደግሞ ከተሠራ ጀምሮ እሳት አልገባበትም፣ ልስኑ እንኳ በደንብ አልደረቀም። እጀታውን ነካ፤ እጀታው ቀዝቃዛ ነው። «ፀሐይ ይሆናል» አለ ጮክ ብሎ፣ ፀሐይ በሌለበት።

ጉጠቱን ብርሃን ወደማይገባበት ዕቃ ቤት አዛወረው። በማግስቱም ሞቆ አገኘው። ጭልፋ ሠራ፤ ጭልፋውም ጫፉ ሞቆ፣ እጀታው ቀዝቅዞ አደረ። ፀሐይ ብረት ስታሞቅ ጫፍና እጀታ አትለይም። ጫፉን አሙቆ እጀታውን ለሠራተኛ እጅ የሚያስቀር ሙያውን የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። 

ሚስቱን ጠራት። ምንም ሳይነግራት «እስቲ ይህን ንኪው» አላት። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ዳሰሰችው።

«ሞቋል» አለች። «ታዲያ ምን ይሁን?»

ብሎን ክው አለ። በእርግጥ ሰው ይህን ቃል ስለ ሻይም ስለ ገላ ውሃም ሲለው ይውላል፤ እንዲህ እጁን ከብረት ላይ አሳርፎ ሲለው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰምቶ አያውቅም።

«ምነው፣ አመድ መሰልክ?» አለችው።

«ደክሞኝ ነው።»

«ዕረፍ ታዲያ። ማን አስገደደህ?» ብላ ወደ ሥራዋ ገባች።

መሣሪያው እየበዛ ሲሄድ ነገሩም እየደፈረ መጣ። በየምስማራቸው ሰቅሎ የተዋቸውን መሣሪያዎች ጠዋት ሲከፍት ምድጃው ዙሪያ ተደርድረው ያገኛቸው ጀመር፤ ጫፋቸው ወደ ምድጃው አፍ፣ እጀታቸው ወደ ውጭ፣ ከቀኝ ወደ ግራ በሥራ ተራቸው። እሳት በሌለው ምድጃ ዙሪያ። የጓሮው በር አንድ ነው፣ ቁልፉም ኪሱ ውስጥ ከብሎኖቹ ጋር ነው። መሬቱ ላይ ያፈሰሰው ደቃቅ አሸዋ የድመት እግር እንኳ ያሳያል፤ ከራሱ ጫማ በቀር ዱካ የለበትም። ብሎን ቆሞ አየ። ፍርሃት ብቻ ቢሆን ይቀለው ነበር፤ ናፍቆትም ነበረበት። «አንተ ነህ?» ሊል ከንፈሩን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። አንተ ነህ ብሎ ቢጠይቅና መልስ ቢመጣ፣ ከመልሱ በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ አስቀድሞ ያውቀዋል።

ያልሠራው አንድ መሣሪያ ብቻ ነበር፤ መግፈፊያው። በእሱ ፈንታ ሌላውን ያባዛል። ጭልፋው ሦስት ደረሰ፣ የአሸዋ መጠቅጠቂያው አራት። «ሱቅ ልትከፍት ነው እንዴ?» አለች ሚስቱ። በመጨረሻ ያለ መግፈፊያ ሊሞክረው ቆረጠ። የመዘውሩን ስባሪ በሙጫ አጣብቆ በሁለት የእንጨት ሣጥን አሸዋ ውስጥ ቅርጹን አወጣ፣ አሮጌ የአሉሚኒየም ፒስተኖች አቀለጠ፣ ቆሻሻውን በጭልፋ ጀርባ ገፋ ገፋ አድርጎ አፈሰሰው። ሲቀዘቅዝ አሸዋውን አፍርሶ ያወጣው መዘውር ፊቱ ሁሉ በጉድጓድ የተበላ ነበር። በሁለት እጁ ጫን ሲለው እንደ ደረቅ ዳቦ ተሰበረ።

ዋርሳው በዚያው ሰሞን መልእክት ላከች፤ በእጇ እየሰፋች ጣቷ አለቀ፣ ደንበኞቿም ጨርቃቸውን መውሰድ ጀምረዋል። በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ መጥታ ሥራውን በዓይኗ ልታይ ነው። ብሎን ከዚህ በኋላ ማምለጫ አልነበረውም።

ላሜራ በክቡ ቆርጦ ጎድጎድ አደረገው፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በሳ። እጀታውን ከቱቦ አላደረገውም፤ ቱቦ ውስጡ ውሃ ይደብቃል። ድፍን ብረት መርጦ በየደው፣ ብየዳውን በሞረድ አለሰለሰው፤ የመዘውሩንም ቅርጽ እንደገና በአሸዋ ሣጥኖቹ ውስጥ አወጣ። እየፈራ የሠራው መሣሪያ ከሁሉ የበለጠ አምሮ ወጣ። ይህም ደስ አላለውም።

ጠዋት በሩን ሲከፍት መሣሪያዎቹ እንደ ልማዳቸው ምድጃውን ከበዋል። መግፈፊያው ግን ብቻውን ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ነካው፤ በረዶ ነው። ጫፉ ላይ ውሃ አርግዟል፣ በየቀዳዳው አንዳንድ ጠብታ። ዝናብ ከዘነበ ሁለት ወር ሆኖታል። ብሎን በጨርቅ ወለወለው፤ ዓይኑ እያየ እንደሚያልበው ሰው ግንባር መልሶ አቸፈቸፈ። ከሰል አቀጣጥሎ ጫፉን ፍም እስኪመስል አጋለው፣ አውጥቶ ድንጋይ ላይ አጋደመው። አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ቀዝቅዟል፣ ጠብታዎቹም በየቦታቸው ናቸው። መልሶ ምስማሩ ላይ ሰቀለውና እሳቱን ሊያጠፋ ሲነሳ የግቢው በር ተንኳኳ።

ሚስቱ ገበያ ነበረች። ዋርሳው ስትገባ ወሬዋ አብሯት ገባ። ምድጃውን ዞራ አየች፣ የፀጉር ማድረቂያውን አይታ ከልቧ ሳቀች፣ መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አደነቀች።

«እጅህ ይባረክ፣ ዋርሳዬ። እንዴት አድርገህ ነው የደረደርካቸው! ያ ወንድምህ እንዲህ የሚጠነቀቅ ሰው ቢሆን ኖሮ…» አለችና እጇን አወናጨፈች። «ተወው። ለራሱ ያላሰበ ሰው።»

ብሎን ወደ እሷ ዞረ። «እትዬ…» አለ።

«ወዬ?»

«ራቅ ብለሽ ቁሚ። ይረጫል።»

ፈሪ። ራሱን ፈሪ ብሎ ሰደበና ፒስተኖቹን ድስቱ ውስጥ ከተተ። መንፊያው ጮኸ፣ ከሰሉ ነጣ። አሉሚኒየሙ መጀመሪያ ላበው፣ ከዚያ ተልፈስፍሶ ወደቀ፣ ከዚያ ድስቱ ሙሉ እያብረቀረቀ ተኛ። ላዩ ላይ ግራጫ ቆሻሻ ሰፍፏል። ብረት እዚህ ሲደርስ አይጠበቅም፣ ዓይንም ከእሱ ላይ አይነሳም። ብሎን ጎንበስ ብሎ ድስቱን እያየ ሳለ ቀኝ እጁ ሳያዘው ወደኋላ ተዘረጋ። እንደዚህ የቆመ ሰው አንድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ዋርሳው መሣሪያ የጠየቃት መሰላት። ተደርድረው ካሉት አላነሳችም፤ ግድግዳው ላይ የቀረውን አወረደች።

«ይሄን ነው?»

«ሞቋል?» አለ ብሎን። ድምፁ ከራሱ አፍ ይውጣ እንጂ የሱ አልመሰለውም።

«ሞቋል» አለች፣ ሰው እንደሚለው ዝም ብላ።

እጀታው መዳፉ ላይ አረፈ። ባጠለቀው ወፍራም ጓንት ሙቀትና ቅዝቃዜ አይለይም። ወደ ድስቱ አመጣው። ከጫፉ በታች አንዲት ጠብታ ተንጠልጥላ ስትረዝም አየ። ብቻ ክንዱን ዝቅ ማድረግ ነው። ዝቅ ቢያደርገው ከወንድሙ እኩል ይሆናል፣ መናገርም አይኖርበትም፤ ስምንት ዓመት የፈራው ነገር በአንድ ጊዜ ያልቃል። ከመናገር ይልቅ ይህ ቀለለው። ክንዱም ዝቅ ማለት ጀመረ።

ትከሻው አጠገብ ትንፋሽ ሰማ። ዋርሳው ራቂ ስትባል መቼ ትሰማለች? ብረቱን ለማየት አንገቷን አስግጋ በላዩ ጎንበስ ብላለች። ፊቷ ከፊቱ እኩል ድስቱ አፍ ላይ ነው።

«አልሞቀም!» ብሎ ጮኸ። መግፈፊያውን ወደ ጓሮው ጥግ ወረወረው፣ እሷንም በክርኑ ገፍቶ አራቃት።

«እንዴ! ምን ሆነሃል? ሞቋል እኮ!» መዳፏን ዘርግታ አሳየችው፤ እውነትም ቀልቷል። «ጫፉን ብነካው እጄን ለበለበኝ።»

ብሎን መዳፏን አየ፣ መግፈፊያው የወደቀበትን አሸዋ አየ። አሸዋው ዙሪያውን ረጥቧል።

«አልሞቀም» አለ። «ያን ቀንም አልሞቀም ነበር።»

«የትኛውን ቀን?»

ከዚህ በኋላ ሊያቆመው ቢፈልግም አይችልም ነበር። «ጠይቆኝ ነበር፣ እትዬ። ዓይኑን ከድስቱ ሳያነሳ ሞቋል ወይ ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በዝናብ ይዤው መጥቼ፣ እርጥብ መሆኑን እያወቅኩ ሞቋል ያልኩት እኔ ነኝ። አመነኝ። እሱ ተጠንቅቋል። እሱ ምንም አላጠፋም። ወረቀቱ ላይም የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

መንፊያው ይጮሃል። ብሎን ሽቦውን ነቀለው። ዋርሳው እጇ እንደተዘረጋ ቀረች። ከዚያ ቀስ ብላ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ፣ ትመታኛለች ብሎ ጠበቀ፤ ብትመታው ደስ ባለው ነበር። እሷ ግን ወደ እሱ አልዞረችም። ወደ ምድጃው፣ መሣሪያዎቹ ወደ ከበቡት ቦታ ነው ያየችው።

«ጠይቀህ ነበር?» አለች በቀስታ፣ ለሌላ ሰው፣ ለሞተው ባሏ። «ጠይቀህ ነበር እንዴ?»

ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ስምንት ዓመት ሙሉ! ስምንት ዓመት ሙሉ እኮ አንተን ነው የተቆጣሁት። ልጆችህን አንተን እያስጠላሁ ነው ያሳደግኳቸው። ይቅር በለኝ። ምነው ይህን ሁሉ ጊዜ ዝም አልከኝ? ይቅር በለኝ።»

ለብሎን የደረሰው ቃል አልነበረም። ብሎን የሚይዘው ቢያጣ ጉጠቱን ዳሰሰ። ጫፉ እዚያው ምድጃ ዳር እንዳለ ቀዝቅዟል። ጭልፋውን ነካ፣ መጠቅጠቂያውን ነካ፤ ሁሉም ተራ ብረትና ተራ እንጨት ናቸው። ሰው አድሮ የሄደበት ክፍል እንዲህ ነው የሚበርደው። ወንድሙ ሁለተኛ ጊዜ የሞተ ያህል ተሰማውና እሱም እዚያው ቆሞ አለቀሰ።

ቆይታ ዋርሳው ፊቷን በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ ተነሳች።

«ይቅር አላልኩህም» አለችው።

«እሺ።»

«ነገ ፋብሪካው አብረን እንሄዳለን። ለኔ ያልከኝን ትነግራቸዋለህ። ከዚያ ማታ ቤቴ መጥተህ ለልጆቼ ትነግራቸዋለህ። አንዲት ቃል ሳታጎድል።»

«ሳላጎድል።»

«መዘውሩን ግን ዛሬ እፈልገዋለሁ። ጨርቁ ተከምሯል።»

ድስቱ ውስጥ አሉሚኒየሙ ላዩ ረግቷል። ብሎን ከሰል ጨመረ፣ መንፊያውን ሰካ። መሣሪያ የሚያሞቅለት ከእንግዲህ የለም፤ ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ጫፋቸውን ወደ እሳቱ አስጠጋ። ዋርሳው ሳትታዘዝ ወደ ጓሮው ጥግ ሄዳ መግፈፊያውን ከአሸዋው አነሳች፣ አራግፋ ወለወለችው፣ ጫፉን ፍሙ ዳር አድርጋ እጀታውን እንደያዘች ቁጢጥ አለች። 

ብረቱ ደግሞ ላበው፣ ተልፈሰፈሰ፣ አብረቀረቀ። ብሎን ድስቱ ላይ አቀረቀረ። ዓይኑን ሳያነሳ ቀኝ እጁን ወደኋላ ዘረጋ።

«ሞቋል?» አላት።

ዋርሳው መግፈፊያውን ፍሙ ዳር ስታገላብጥ ሰማ። እጁ ባዶውን ተዘርግቶ ቆየ፣ ክንዱ ዛለ። አላጠፈውም።

«ገና ነው» አለችው።